አውታር ፍለጋ ወደ መንዝ

ጥር 13 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን

የአውቶቡሱ ረዳት በጋቢ የጠቀለልኩትን ዕቃ አይቶ «ይህ ጣሪያ ላይ ነው የሚጫነው» አለኝ። የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ ከጎኔ አስቀመጥኩት። በጋቢው ውስጥ ያለው ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ አሮጌ በገና ነው። ከግርጌ ያለው የተቦረቦረ የድምፅ ሣጥን፣ ገበቴው፣ ተሰንጥቋል፣ ቆዳው ተቀዷል፣ ግራ ምሰሶው ከላይ ካለው አግዳሚ እንጨት፣ ከቀንበሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይወዛወዛል። ከጣሪያ ላይ አንድ ጊዜ ቢፈናጠር ስንጥቁ ገበቴውን ለሁለት ይከፍለዋል።

በገናው የአያቴ ወንድም ንብረት ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ከማድ ቤቱ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለረጅም ዘመን ኖረ። ጭሱ አጠቆረው፣ የምድጃው ሙቀት አደረቀው፣ አይጥ የቆዳውን ጠርዝ በላው። በመሐል አንድ ሰው ሊጠግነው ሞክሯል። የላላውን ምሰሶ በሁለት ምስማር ቸንክሮ፣ አሥሩን አውታር በናይለን ክር ተክቶ፣ እንጨቱን በሙሉ ወፍራም ቫርኒሽ ቀብቶታል። እዚያው አዲስ አበባ ያሳየሁት ባለሙያ ደግሞ «ምሰሶዎቹን እናትርፍና ገበቴውን አዲስ ልሥራልሽ» ብሎኝ ነበር። በቅንነት ነው ያለው፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል። ይሁን እንጂ የበገና ድምፅ የሚወጣው ከገበቴው ነው። እሱ ከተለወጠ በእጄ የሚቀረው የድሮ ምሰሶ የተዋሰ አዲስ በገና ነው። ይህ በገና በራሱ እንጨት፣ በራሱ ዓይነት ቆዳና አውታር እንዲድን ነው የምፈልገው፤ አዲስ የሚገባበትም ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆን።

ወሩንም የመረጥኩት በምክንያት ነው። በገና ከሁሉም ይልቅ የሚደረደረው በዐቢይ ጾም ነው። አውታሩ ግን የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው፤ በጾም ደግሞ በግ አይታረድም። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 25 ይገባል፤ ከእሱ በፊት ጾመ ነነዌ አለ። በገናው ለጾሙ እንዲደርስ ከተፈለገ አንጀቱ በፍስኩ ወራት ተገኝቶ፣ ታጥቦ፣ ከርሮ፣ ደርቆ ማለቅ አለበት። በጥር በጉም አለ፣ ደረቅ ነፋስም አለ። የመንዝ በግና የመንዝ ነፋስ ደግሞ በዝና የታወቁ ናቸው።

በሰንዳፋ፣ በአሌልቱና በሸኖ በኩል 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዘን ከቀትር በፊት ደብረ ብርሃን ገባን። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ይህች ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ በቀትርም አይለቅም። ሆቴል ይዤ በገናውን ከአልጋው ራስጌ አጋደምኩት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ። ደብረ ብርሃን

በገናውን ያመጣሁለት አናጢ አልጋና መስኮት ሠሪ ነው። አባቱ ግን ለአብያተ ክርስቲያናት ከበሮ ይጠርቡ ስለነበር ተቦርቡሮ የተሠራ እንጨት ጠባዩን ያውቃል። በገናውን ከጋቢው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳጋድመው መሣሪያ አላነሣም። መጀመሪያ በአውራ ጣቱ ስንጥቁን ከግርጌ እስከ ላይ ዳሰሰው።

ናይለኑን ፈትተን፣ ያረጀውን ጠፍር በጥሰን ቆዳውን ስናነሣ ገበቴው ከውስጥ ታየ። የዋንዛ እንጨት ነው፣ ከአንድ ግንድ የተቦረቦረ። የጠራቢው የመሮ ምልክቶች ጎን ለጎን እንደተደረደሩ አሉ፤ በግርጌው በኩል ረጃጅም፣ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ አጫጭርና ጥንቁቅ ናቸው። ግድግዳው እኩል አይደለም። ከታች ጣት ያህል ወፍሮ ወደ ጎን ይሳሳል። አናጢው ብርሃን ላይ አዙሮ አይቶት «ይህ ሰውዬ እየቦረቦረ ያንኳኳ ነበር፤ ድምፁ በቃ ሲለው ነው የተወው» አለ። እውነቱን ይመስለኛል። ውስጡን በብርጭቆ ወረቀት ላለስልስልሽ የሚል ሰው ቢያጋጥመኝ ኖሮ በገናውን ይዤ እወጣ ነበር።

ስንጥቁ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ከግርጌው ጠርዝ ተነሥቶ ከግማሽ በላይ ወጥቷል። የተፈጠረበት መንገድ ግልጽ ነው። እንጨት ሲደርቅ ቁመቱ ብዙም አይለወጥም፣ ወርዱ ግን ይሸበሸባል፤ በላዩ የተወጠረው ቆዳም አብሮ እየደረቀ ወደ ውስጥ ይስባል። ከምድጃ አጠገብ ለዓመታት ሲኖር አንድ ቦታ መልቀቁ አይቀርም። ስንጥቁ ውስጥ አቧራና ቫርኒሽ ገብቶ ደርቋል፤ ይህ ሳይወጣ ምንም ሙጫ አይዝም። አናጢው በቀጭን ቢላዋ ጫፍ፣ በለብታ ውኃና በጥርስ ብሩሽ ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ ሲያጸዳው ረፋዱ አለቀ።

ከዚያ ሙጫ ላይ ተከራከርን። እሱ በዘመናዊው የእንጨት ኮላ ይተማመናል፤ በአንድ ሌሊት ይደርቃል፣ ውኃም አይፈታውም። እኔ ደግሞ ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣውን ሙጫ በፍሬ መልክ ይዤ መጥቻለሁ። ይህኛው በውኃ ይዘፈዘፋል፣ እሳት ሳይነካው በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቀልጣል፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል። ትልቁ ጥቅሙ ግን ነገ አንድ ሰው ስንጥቁን እንደገና መክፈት ቢያስፈልገው በሙቀትና በእርጥበት የሚለቅ መሆኑ ነው፤ እንጨቱ ሳይገነጠል። አሮጌ የዜማ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ አይጠገንም። ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ጠጋኝ በሩን መዝጋት አልፈልግም። አናጢው ጣሳውን ምድጃው ዳር ሲያስቀምጥ ሽታው ቤቱን ሞላው፤ «ይህንንስ አባቴ ያውቁት ነበር» ብሎ ፈገግ አለ።

ስንጥቁ ተጨምቆ ብቻ አይገጥምም፤ የጎደለ እንጨት አለው። የሚሞላው ዋንዛ አዲስ ከሆነ ነገ ደርቆ ይሸበሸብና ክፍተቱ ይመለሳል። አናጢው ከጓዳ የተሰበረ የሊጥ ገበቴ አመጣ። ከጥቁሩ ጎን ስስ ስንጥር ላጨ፣ የመስመሩን አቅጣጫ ከበገናው መስመር ጋር አስተካከለ፣ ሙጫውን ቀብቶ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያለ አስገባው። ሞርሳ ቢያጠብቅበት ገበቴው ይጣመም ነበር። ስለዚህ ዙሪያውን በገመድ ጠመጠመውና በገመዱ ሥር ትንንሽ ሽብልቆች እየሰካ አጠበቀው። ከሽብልቆቹ አንዱን ሲመታ ከስንጥቁ ዳር የሙጫ ጠብታ ብቅ ይላል፤ ሁሉም ቦታ ብቅ ሲል አቆመ።

ጥር 15፣ ረቡዕ። ደብረ ብርሃን

ሙጫው እየደረቀ ነው። ሁለቱ ምስማሮች ዛሬ ወጡ። የዛገ ምስማር በጉጠት ብቻ ከተሳበ እንጨቱን ይዞ ይወጣል፤ አናጢው የጋለ ብረት ራሱ ላይ አሳርፎ ጠበቀ፣ ሲቀዘቅዝ ያዘውን ዝገት ለቀቀ። ቀዳዳዎቹ በወይራ ስንጥር ተደፈኑ። የምሰሶው መጋጠሚያም በወይራ ሽብልቅ ብቻ ጠብቆ ቆመ። የጎደሉትን መቃኛዎች ከዚያው ወይራ ጠረበልኝ።

ቫርኒሹን ከምሰሶዎቹ ላይ በቢላዋ ጀርባ እየፋቅን አነሣን። ከሥሩ የወጣው በእጅ ብዛት የጠቆረው ቆዳማ ቀለም ነው፤ እዚያ ላይ ቆምን። ከገበያ የደረቀ የበሬ ቆዳ ገዛሁ፤ ያልለፋ፣ ጠባሳ የሌለበት፣ ከጀርባው በኩል የተቆረጠ።

ጥር 16፣ ሐሙስ። ወደ መሐል ሜዳ

ማልደን ተነሣን። በጣርማ በር ዋናው መንገድ ጣሊያኖች በሠሩት ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የመንዝ መንገድ ግን ደጋውን ሳይለቅ ወደ ሰሜን ይቀጥላል፤ መዘዞ፣ ሞላሌ እያለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ዛፍ ይሳሳል፣ የድንጋይ ካብና የገብስ ማሳ ይበዛል። በጎቹ እዚህ ትንንሽ፣ ጠጉራም፣ ቀንዳሞች ናቸው። እረኞቹም ከዚያው ጠጉር የተሠራ ባና ደርበዋል።

በጓሳ በኩል ስናልፍ ሾፌሩ ቀነስ አደረገ። የመንዝ ሰዎች ይህን የሣር መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት በራሳቸው ሕግ ዘግተውና ከፍተው ጠብቀውታል፤ ሣሩ ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ ሳይደርስ ከብት አይገባበትም። ከመስኮቱ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነቅሉ አየሁ። ቀይ ቀበሮ ግን አልታየኝም።

መሐል ሜዳ አመሻሽ ላይ ደረስን። የምፈልጋቸው ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው የሚኖሩት። ድጓ ያስተማሩ፣ በገና የሚደረድሩ፣ አውታር በእጃቸው የሚያከሩ ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንዲሁ አልኳቸው።

ጥር 17፣ ዓርብ። በየኔታ ቤት

የኔታ ዓይናቸው ደክሟል። በገናውን ጭናቸው ላይ አድርጌላቸው የጣቶቻቸውን መገጣጠሚያ አጥፈው ገበቴውን ያንኳኩ ጀመር። ከግርጌ፣ ከጎን፣ ከትከሻው በታች። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፣ እንደገና አንኳኩ፣ ጆሯቸውን አስጠጉ።

«እዚህ ጋ ተጠግኗል።»

«አዎ የኔታ፣ ማክሰኞ ነው የተጣበቀው።»

«ደኅና ይዟል። ያልያዘ ቢሆን ይንቀጠቀጥ ነበር። ማን ጠረበው ይህን?»

አላወቅኩም። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም። ገበቴውን በመዳፋቸው እየደባበሱ ዋንዛው የቆላና የወይና ደጋ ዛፍ መሆኑን፣ ጠራቢው ግን ደገኛ እንደሚመስላቸው ነገሩኝ፤ ደገኞች ግርጌውን አወፍረው ይተዋሉ አሉ። እንዲህ ያለ መለያ በሌላ አገር ይሥራ አይሥራ የማጣራበት መንገድ አልነበረኝም። የእሳቸው እጅ ግን ብዙ በገና የዳሰሰ እጅ ነው።

የናይለኑን ክር ሳሳያቸው ቁጣ ጠብቄ ነበር። «ለተማሪ ደግ ነው» አሉ። «አይበጠስም፣ ርካሽ ነው፣ ዝናብ አያላላውም። ልጆች በእሱ ጣታቸውን ያፍታቱ። ይህ ግን አባት በገና ነው፤ አውታሩን ይወቅ።» በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ጠፍቶ፣ መማርም ማስተማርም ሲቀዘቅዝ አውታር ልግዛ ብሎ የሚመጣ ሰው እንዳልነበረ አጫወቱኝ። የአያቴ ወንድም በገና ግድግዳ ላይ የዋለውም በዚያው ዘመን ነው። አውታር የሚያከር ሲጠፋ በገናው አልተሰበረም፣ ዝም አለ። ናይለን የገባው በዚያ ክፍተት ነው። በኋላ የበገና ትምህርት በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በየማሠልጠኛው ሲያንሠራራ ደርዳሪው በዛ፤ አንጀት የሚያከር እጅ ግን በዚያው ልክ አልተመለሰም። አንድ አውታር ሲበጠስ ወደ ገበያ መሄድ ብቻ ካወቅን በገናውን በግማሽ ነው ያዳንነው።

ዛሬ ጾም ስለሆነ በግ አይታረድም። ነገ ጥር 18 ነው፤ ሰባር ዐፅሙ ለጊዮርጊስ። ጎረቤት ዝክር አለ፣ አንጀቱም ተነግሯል።

ጥር 18፣ ቅዳሜ። አንጀት ማጠብ

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጉ ታረደ፤ አንጀቱ ገና ትኩስ ሳለ በሳፋ መጣ። የኔታ በዓል ስለሆነ ማክረሩን ለሰኞ አሳድረውታል። ማጠቡ ግን ሊያድር አይችልም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልጸዳ ግድግዳው ይላሽቃል፣ አውታር አይሆንም።

ለአውታር የሚሆነው ቀጭኑ አንጀት ብቻ ነው። ርዝመቱ ከ20 ሜትር ያልፋል፤ በዓይኔ ባላየው ከዚያች ትንሽ በግ ይህን ያህል ይወጣል ብዬ አላምንም ነበር። መጀመሪያ ሞራው በእጅ እየተገፈፈ ይለያል። ከዚያ ፈርሱ በሁለት ጣት ተጨምቆ ይወጣል፣ ውስጡ ውኃ ይፈስበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥበብ የሚጠይቀው ነው። አንጀቱ ለስላሳ እንጨት ላይ ይዘረጋና በተሰነጠቀ ሸምበቆ ጀርባ ይፋቃል። ሲፋቅ ሐምራዊ ግራጫ ንፋጭ ይለቃል፣ ቀጥሎም ውጫዊው ስስ ሽፋን ይወጣል። በመጨረሻ በመዳፍ ላይ የሚቀረው ነጭ፣ ብርሃን የሚያስተላልፍ፣ ከተጎተተ የማይበጠስ ጭረት ነው። የኔታ ዓይናቸው ባያይም ሸምበቆው የት እንደቀረው በድምፁ ይለያሉ፤ «እዚያ ጋ ሞራ አለ፣ መለስ በዪ» ይሉኛል። ሞራ የቀረበት አውታር ሲደርቅ ይሸታል፣ ቅኝት አይዝም፣ አይጥም ይጠራል።

የተፋቀው አንጀት አመድ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ። የአመዱ ውኃ የቀረውን ሞራ ይበላል። ብዙ ካደረ አንጀቱንም ስለሚበላ ማታ አንድ ጊዜ ውኃው ተለወጠ፤ ነገም ይለወጣል።

እማማ፣ የየኔታ ባለቤት፣ ቀኑን ሙሉ በጎን ሆነው ሲያዩን ቆይተው ማታ እሳት ዳር «እኔ የበግ ጠጉር አከራለሁ፣ እሳቸው አንጀት ያከራሉ» አሉኝ። የእንዝርታቸውን ሥራ ልብ ብዬ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ጥር 19፣ እሑድ። እንዚራ

ከቅዳሴ መልስ የኔታ የራሳቸውን በገና አወረዱ። እኔ ከሁሉ ነገር ይበልጥ ልማረው የመጣሁት እዚህ ላይ ነው።

በገናን ከክራር የሚለየው ትልቅነቱ ብቻ አይደለም፤ እርግብግብታው ነው። አውታሩ ከገበቴው ቆዳ በላይ በተቀመጠው አውታር ተሸካሚ እንጨት፣ በበርኩማ ላይ ያልፋል። የበርኩማው ራስ ጠፍጣፋ ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ አውታሩን አቅፎ ከእንጨቱ በጥቂቱ ያነሣዋል። አውታሩ ሲመታ በዚያች ክፍተት ውስጥ እየተርገበገበ የበርኩማውን ጠርዝ ደጋግሞ ይነካል። ያ መነካካት ነው ድምፁን ጎርናና አድርጎ የሚያስረዝመው። ሕንዶች ታንፑራ በሚሉት የአውታር መሣሪያቸው ላይ የጥጥ ክር ከአውታሩ ሥር በማስገባት ተመሳሳይ ነገር ያደርጋሉ፤ በርኩማው ሰፊ፣ ክፍተቱ ስስ፣ ክሩ የሚንቀሳቀስ። ሁለት አገሮች በየራሳቸው እዚህ መድረሳቸው ይገርመኛል።

የኔታ አሳዩኝ። አንዱን እንዚራ በጥፍራቸው ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አውታሩን ነኩት፤ ጥርት ያለ፣ አጭር፣ ክራር የሚመስል ድምፅ ወጣ። የፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ፊት መለሱትና ነኩት፤ ያው አውታር ማጓራት ጀመረ። ትንሽ ሲያልፍ ደግሞ ታፈነ። እንዚራው የሚቀመጥባት ቦታ ይህችን ያህል ጠባብ ናት። ናይለን ለስላሳና ቀላል ስለሆነ ጠርዙን ሲነካ ይንሸራተታል፣ የሚያወጣውም ጩኸት ሳሳ ያለ ነው። አንጀት ሸካራ ነው፤ ጠርዙን ይዞ ይለቃል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው የበገና ድምፅ ይኸው ነው፤ ለዚህም ነው አንጀት ፍለጋ የመጣሁት።

በመዝሙረ ዳዊት የተጠቀሰው አሥር አውታር እዚህ ሁሉም አለ፤ አባቶች ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር ያመሳስሉታል። በጣት ሲደረደር ግን ሁሉም አይመታም። የኔታ የሚመቱት 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን፣ 8ኛውንና 10ኛውን ነው። የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። ዕውቁ የበገና ደርዳሪ መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋም እነዚሁኑ ስድስቱን እንደሚደረድሩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «የአለቃ ተሰማ ተማሪ ናቸው፤ ያውቁበታል» አሉ። አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤልን በስም ያውቋቸዋል፣ በሬዲዮም ሰምተዋቸዋል።

ጥር 20፣ ሰኞ። ማክረርና መወጠር

ሁለት ሥራ ባንድ ቀን። ከብዶኝ ነበር፣ ግን ቆዳውም አንጀቱም በአንድ ነፋስ ይድረቁ ብለው የኔታ ወሰኑ።

ቆዳው ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድሮ ለስልሷል። ጠጉሩ ተላጭቶ፣ በገበቴው አፍ ልክ ትርፍ ጠርዝ ተትቶለት ተቆረጠ። ጠርዙ በወስፌ ዙሪያውን ተበሳ። ከዚያ ቆዳው በገበቴው ላይ ለብሶ ጠፍሩ ከጀርባ በኩል ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ትይዩው እየተሻገረ ተሸመነ። አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ቆዳውን ያጣምመዋል፤ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየተባለ ነው የሚሳበው። የኔታ ጉልበታቸውን ገበቴው ላይ ጥለው የመጨረሻውን ጠፍር የጎረቤት ጎረምሳ ሳበ። ብዙም አላጠበቁትም። «ሲደርቅ ራሱ ይስባል፤ አሁን ካጠበቅንበት ስንጥቅሽን ይከፍተዋል» አሉ። ይህችን አንዲት ቃል ለመስማት ብቻ እንኳ መንገዱን ሁሉ እመለስበታለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንጀቱ። ሁለት ካስማ በግቢው ተተክሎ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከአውታሩ ርዝመት እጥፍ ሆኖ ተለካ። ስንት ነጠላ አንድ ላይ እንደሚከረር የኔታ በጣታቸው መካከል እያሽከረከሩ ይወስናሉ። አንዱ ጫፍ ካስማው ላይ ይታሰራል፣ ሌላው ጫፍ አጭር እንጨት ላይ፤ እንጨቱ ይሽከረከራል። አንጀቱ እርጥብ ስለሆነ ሲከር ውኃ ይተፋል፤ ጠብታው ከመካከል እየሮጠ ይረግፋል። ገመዱ ሲከርና ሲያጥር ካስማው ይጎነበሳል፤ ያኔ ጥቂት ይለቀቅለታል፣ እንደገና ይከራል። በመጨረሻ በእርጥብ ጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታሽቶ ተወጥሮ እንዲደርቅ ይተዋል። ለአሥሩ የሚበቃ፣ ለመለዋወጫም የሚተርፍ ሆነ። ፀሐይ እንዳይመታው ጥላ ወዳለበት የካብ ጎን ነው የተወጠረው።

ጥር 21፣ ማክሰኞ። አስተርእዮ ማርያም

በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ሌሊት ውርጭ ወድቆ ስለነበር ጠዋት አውታሮቹን ለማየት ሮጥኩ፤ ደኅና ናቸው። ቀኑን ሙሉ ነፋስ ነፈሰ። ቆዳው ማታ ላይ በጣት ሲነካ መደወል ጀምሯል።

ጥር 22፣ ረቡዕ። አውታር ማሰር

የደረቁት አውታሮች ቢጫ ነጭ ሆነዋል፣ በጣት ሲነኩ ሸካራ ናቸው። ትርፍ ጭረታቸው በደረቅ ሣር ታሽቶ ለሰለሰ።

አውታሩ በገበቴው ግርጌ ይታሰራል፣ በበርኩማው ላይ አልፎ ወደ ቀንበሩ ይወጣል፤ እዚያ በጨርቅና በጠፍር ተጠምጥሞ መቃኛው በእሱ ውስጥ ይገባል። መቃኛው ሲዞር ጥምጥሙ ከነአውታሩ ቀንበሩን ይዞ ይዞራል። ከአናጢው የወይራ መቃኛዎች አንዱ ለቀዳዳው ወፍሮ በሞረድ ተነካ፤ ሌሎቹ ልክ ሆኑ። የአያቴ ወንድም በርኩማ ጠርዙ በናይለን ተቦጭቆ ነበር። የኔታ አልቀየሩትም፤ ከላይ ጥቂት ላጭተው ጠፍጣፋ ገጹን መለሱለት።

እንዚራዎቹ የተቆረጡት ከበሬው ቆዳ ትርፍ ነው። የመጀመሪያው አውታር ልክ ቦታው ላይ ሲያርፍ እማማ ከጓዳ «እሱ ነው!» ብለው ጮኹ። አውታሩ ገና አልተቃኘም ነበር። እርግብግብታው ግን ወጥቷል።

ጥር 23፣ ሐሙስ። ቅኝት

አዲስ አንጀት ይለጠጣል። አሥሩን አስተካክሎ ሲጨርሱ የመጀመሪያው ወርዷል፤ ለዚህ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አያስፈልግም። ከሰዓት በኋላ ትዝታ ላይ ሲረጋ የኔታ በገናውን ለእኔ ሰጥተው በተቃራኒ ተቀመጡ። ቀስ ብዬ ደረደርኩ። 5ኛው አውታር ባይመታም ሌሎቹ ሲነኩ አብሮ ይጮኻል፤ እንዚራውን በጥፍሬ ስገፋው ይብሳል። የኔታ «እሱን ተዪው፣ ቆዳው ገና ነው» አሉኝ።

ለድካማቸው የምሰጣቸውን ገንዘብ አልተቀበሉም፤ እማማ ተቀበሉ።

ጥር 24፣ ዓርብ። ወደ ደብረ ብርሃን

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ በጉልበቴ ይዤው ነው የመጣሁት። አናጢው ስንጥቁን በፋኖስ አይቶ አልተከፈተም አለ፤ ቆዳው ስለተወጠረ ለጥንቃቄ ብሎ ገመድ ጨምሮ ሊያስርበት ሲል አስተውኩት።

ማታ ሆቴል ውስጥ የተሠራውን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩ፣ ከነሥዕሉ፤ ከበገናው ማኅደር ጋር ይኖራል። ስንጥቁ፦ በቆዳ ሙጫ፣ በአሮጌ የዋንዛ ስንጥር፣ ጥር 14። ምስማር፦ ሁለት ወጥቷል፣ ቀዳዳው በወይራ ተደፍኗል። ቫርኒሽ፦ ከምሰሶዎቹ ተነሥቷል፣ ገበቴው ላይ በከፊል ቀርቷል። ቆዳ፦ የበሬ፣ ያልለፋ፣ ጥር 20 ተወጥሯል። አውታር፦ አሥሩም የመንዝ በግ አንጀት፤ ትርፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ዘይት አይነካውም። በርኩማ፦ የቀድሞው። የ5ኛው እንዚራ፦ ከየካቲት በፊት በቀጭን ቆዳ ይለወጥ።